ጨረቃን ወደ ጎርጎራ የላክንበት ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የጡረታ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ወደ ሙሉቀን የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ጎራ አልሁ። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሎ ግሏል። ክዳኑን ሲያነሣው የጋለ ወረቀትና የቀለም ዱቄት ሽታ ፊቴን ሞላውና ባለሁበት ቀረሁ። ሙሉቀን ቀና ብሎ አየኝና አመመዎት ወይ አለኝ። ሰው ስልሳ ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ ቆም ባለ ቁጥር የታመመ ይመስላል መሰለኝ። አላመመኝም፤ ያ ሽታ ወስዶኝ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ መታወቂያዬን ሳያባዛው እጁ ላይ እንደያዘ ሁለታችንም ስለዚያ ጊዜ ማውራት ጀመርን። እሱ ሲያወራው ይስቃል። እኔ ግን እስካሁን አልስቅም። ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ደሜ መፍላቱም ደስ ይለኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አልጋነሽ እባላለሁ፤ የዜጌ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ ቆጥረው ጾሙ የሚገባበትን፣ በዓሉ የሚውልበትን ቀን የሚያወጡ ሰው። ሴት ልጅ ብሆንም ዳዊት አስደግመውኛል። ከዚያ ከተማ ገብቼ ተማርሁና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ላቦራቶሪ ተቀጠርሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ስመዝን፣ ጨርቅ ስነክር፣ የነከርሁትን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ኖርሁ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። ጠዋት የሥራ ሰዓት ሲቃረብ ከየሰፈሩ የሚወጣው ብስክሌት በዘንባባዎቹ ሥር እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ከወለጋ፣ ከሐረር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ለሥራ የመጣ ሰው ሁሉ በዚያ ጎርፍ ውስጥ ነው፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልታየም፤ የሚሰማው የደወል ድምፅ ብቻ ነው። እኔም ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ሰማያዊ ጋዋኔን አጣጥፌ ከኋላ መቀመጫው ላይ አስሬ እነዳለሁ። ሴት ብስክሌት ስትነዳ ቆሞ የሚያይ ነበር፤ ያየኝ እንደሆነ ደወሌን ደጋግሜ እደውልለታለሁ። ጥጉ ላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዘፈን ብቻ ያጫውታል፤ ዘፈኑ ሲቀየር አዲስ ካሴት እንደ ገባ እናውቃለን። ደመወዝ የወጣ ዕለት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሐይቁ ዳር ወርደን ክንድ የሚያህል ቆሮሶ ዓሣ በሦስት ብር ገዝተን እናስጠብሳለን። አሁን በሦስት ብር ሎሚውንም አይሰጡም።

ሙሉቀንን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጠባብ ጂንስ ሱሪና እንደ ሳጥን የከበደ ጫማ የሚያደርግ ወጣት። ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ በአንዲት ክፍል አራት ኮምፒውተር ደርድሮ ኢንተርኔት ቤት ከፈተ። ደቂቃው ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሁለት ብር ያልቃል። እኔ ከሥራ ስወጣ ብስክሌቴን በሩ ላይ አስደግፌ ገባሁና ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁት። የፈለጉትን ይጠይቁታል፣ ይመልሳል አለኝ። በላቦራቶሪ ሃያ ዓመት ሲያስቸግረኝ የኖረ ጥያቄ ነበረኝ፤ አንዱ ቀለም በፀሐይ ሲለቅ ሌላው ለምን አይለቅም? አለቆቼን ጠይቄ አንቺ መዝኚ እንጂ ምን አገባሽ ብለውኛል። ሙሉቀን እጄን ይዞ ማውስ አያያዝ አሳየኝ፤ በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ፤ መዝገበ ቃላቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከማሽኑ ፊት ተቀመጥሁ። ብርሃን ራሱ ቀለሙን የያዘውን ትስስር እየበጠሰ እንደሚፈታው፣ የአንዳንዱ ቀለም ትስስር ግን ጠንካራ መሆኑን በዚያች ወንበር ላይ አነበብሁ። ቀና ስል የሚነግሩት ሰው አጣሁ። ለሙሉቀን ነገርሁት። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኋቸው፤ ከመካከላቸው አንዷ እስቲ ሌላ ነገር ደግሞ ጠይቂልን አለችኝ። በሽታው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዘኝ።

ዓመታት አለፉ። ጡረታ ወጣሁ፤ ባለቤቴ አረፈ፤ ልጄ አዲስ አበባ ገባች፤ ኢንተርኔቱም ከሙሉቀን ቤት ወጥቶ የሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ገባ። ሙሉቀን ኮምፒውተሮቹን ሸጦ የጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ከፈተ። እሱው ነው ፌስቡክ ላይ «እስቲ እንጠይቅ» የሚል ገጽ የከፈተልኝ። እዚያ ላይ ያነበብሁትን በራሴ ቋንቋ እጽፋለሁ፤ የስልክ መስታወት ጣትን ከእርሳስ እንዴት እንደሚለይ፣ ያበጠ ባትሪ ለምን መወጋት እንደሌለበት፣ ማርስ ላይ ያለችው ተሽከርካሪ ከዚህ የተላከላትን ትእዛዝ ለመስማት ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቅ። መሸንቲ ላይ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው የፀሐይ ኃይል በደመና ጊዜ ይሠራ እንደሆን ይጠይቀኛል፤ ሌላው ይመልስለታል፤ ሦስተኛው ይከራከራል። ስሜን አላወጣሁም ነበር፤ ሴት መሆኔን ያወቁት በአጻጻፌ ነው። አንዳንዱ አሮጊት ከሆንሽ መቁጠሪያሽን ይዘሽ አትቀመጪም ወይ ይለኛል። መቁጠሪያም አለኝ፤ ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ እችላለሁ ብዬ መለስሁለት።

ከዚያ ዳታው ጠፋ። ለምን እንደ ጠፋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የዚያን ጊዜ ክርክር እዚህ አልደግመውም። አንድ ቀን ጠዋት ስልኬን ከፈትሁ፤ ገጼ አልከፈት አለኝ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስንል ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከተማዋ ጭር ብላ ነበር፤ ሰው ከመሸ አይወጣም፤ ቀንም ቢሆን ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሮጣል። እኔ ግን ሌላ ሕመም ያዘኝ። ከመሸንቲው ሰው ጋር የጀመርነው ጨዋታ አልተጠናቀቀም፤ ደመና የፀሐይ ብርሃኑን ምን ያህል እንደሚቀንስ አስልቼ ልጽፍለት ቃል ገብቻለሁ። ሒሳቡ በደብተሬ ተቀምጧል፤ መላኪያ የለኝም። ሁለት ወር ከሞላው በኋላ ደብተሬን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ሙሉቀን ጋ ሄድሁ። በወረቀት እናውጣው አልሁት። ማን ያነበዋል አለኝ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ አልሁት፤ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ጸጉር ቤት፣ ባጃጅ ተራ። ስልኩ ሞቶበት ግድግዳ ከሚያይ ወረቀት ያንብብ።

ሙሉቀን ጽፎ አተመልኝና አባዛው። አንድ ገጽ ነው፤ ከላይ «እስቲ እንጠይቅ»፣ ከሥሩ አንድ ጥያቄና መልሱ፤ ጀርባው ባዶ ነው፤ ጥያቄ ያለው በጀርባው ጽፎ ሱቁ ድረስ ያምጣ ብለን በትንሹ ጻፍንበት። ለመሸንቲው ሰው ወፍጮ ቤቱ ድረስ በሚኒባስ ላክንለት። በሦስተኛው ሳምንት ስለ ጨረቃ ዙረት ጻፍሁ፤ ያን ሳምንት ይልማ መጣ። ይልማ ጎርጎራ የሚመላለስ ጀልባ ነጂ ነው፤ ጉዞው ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚፈጅ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ወሬ እያነሣ ይጣላል፣ ይህን ብሰጣቸው ሰላም ያገኛሉ ብሎ ጥቂት ወረቀት ወሰደ። እንደዚያ ሆኖ ነው ወረቀቱ ሐይቁን የተሻገረው። ሲመለስ ከሰጠሁት ውስጥ ስድስቱን በጀርባቸው ተጽፎባቸው አመጣልኝ። ከቆላ ድባ እህል ሊሸምት የመጣ ሰው ሳይቀር ጠይቋል። አንዷን ወረቀት ግን ወደ ብርሃን ወስጄ አየኋት። ጽሕፈቷ የቤተ ክህነት ጽሕፈት ናት፤ የአባቴን እጅ ያየሁ መሰለኝ። እንዲህ ይላል፦ «ጨረቃ ምድርን በሃያ ሰባት ቀን ከጥቂት ሰዓት ትዞራለች ብለዋል። እኛ አንዱን ወር ሠላሳ፣ ተከታዩን ሃያ ዘጠኝ እያልን ስንቆጥር ኖረናል፤ ጨረቃም አንድ ቀን አሳፍራን አታውቅም። ማን ተሳሳተ? የኔታ ይባቤ፣ ከጎርጎራ።»

አፈርሁ። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ፣ ሠላሳና ሃያ ዘጠኝ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ካነበብሁት ጋር አስተያይቼው አላውቅም። የምጠይቀው ኢንተርኔት የለም። ሽንኩርትና ቲማቲም ገበታ ላይ አድርጌ፣ ድስቱን ፀሐይ ብዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳዞራቸው ዋልሁ። በሁለተኛው ቀን ገባኝ። ማንም አልተሳሳተም። ጨረቃ ምድርን አንድ ጊዜ ዞራ እስክትጨርስ ሃያ ሰባት ቀን ይፈጅባታል፤ ምድር ግን ቆማ አትጠብቃትም፣ እሷም በፀሐይ ዙሪያ መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ ጨረቃ እንደገና ከፀሐይ ጋር በነበረችበት አኳኋን ለመገናኘት፣ እንደገና ልደቷን ለማሳየት፣ ሁለት ቀን ያህል መጨመር አለባት። የኛ አባቶች የቆጠሩት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ አንዱን ሠላሳ፣ አንዱን ሃያ ዘጠኝ እያደረጉ ግማሹን ቀን ያካክሱታል። ጽፌ ሳበቃ ለአባቴ የነገርኋቸው ያህል ደስ አለኝ። ሙሉቀን አባዛው፤ ይልማ ጫነው።

ወደቡ ላይ ተያዘ። ፈታሾች እሽጉን ከፍተው ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ የሚሉ ቁጥሮችና ክብ ክብ ሥዕሎች አዩ። ይልማ ምንድን ነው ሲባል ጨረቃ ናት ብሎ መለሰ፤ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን አቆይተውት ወረቀቱን ወሰዱ። በማግስቱ እኔና ሙሉቀን አንድ ጽሕፈት ቤት እንድንቀርብ ተነገረን። ሙሉቀንን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው እኔን ብቻ አስገቡኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰው የልጄ እኩያ ነው፤ ጸጉሩን በደንብ የተስተካከለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድካም ያለበት ሰው። ክፉ አልነበረም፤ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ እናቴ ነው ያለኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው።

«ይህ ሃያ ሰባት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቀን ነው» አልሁት።

«የምን ቀን?»

«የጨረቃ።»

ጣቱን ወደ ታች አወረደ። እሺ፣ ሃያ ዘጠኙስ አለኝ። እሱም የጨረቃ ነው አልሁት። አንዲት ጨረቃ ሁለት ዓይነት ቀን ካላት አንዱ ሌላ ነገር ነው ማለት ነዋ አለ። የኔታም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ ተነሥቼ ቆምሁ። እስኪ ይነሡ አልሁት። ለምን እንደ ተነሣ እሱም አያውቅም፤ ብቻ ተነሣ። ወንበሩን ክፍሉ መካከል አስቀመጥሁና ይህ ፀሐይ ነው፣ እርስዎ ምድር ነዎት፣ እኔ ጨረቃ ነኝ አልሁት። በእሱና በወንበሩ መካከል ቆምሁ፤ ከወንበሩ ኋላ ባለው ግድግዳ የተሰቀለውን ሰዓት እንደ ሩቅ ኮከብ ያዝነው። አሁን እኔ አንድ ዙር እስክዞርዎ እርስዎ በወንበሩ ዙሪያ ሁለት እርምጃ ይሂዱ አልሁት። ሄደ። ዞርሁት። ከእሱ ወደ ሰዓቱ አቅጣጫ ተመልሼ ስቆም ሃያ ሰባት ይህ ነው አልሁት፤ ግን ይዩ፣ ከወንበሩ ጋር ገና አልተገናኘሁም። ጥቂት ተራመድሁና በእሱና በወንበሩ መካከል ገባሁ። ሃያ ዘጠኝ ተኩል ደግሞ ይህ ነው አልሁት። ወንበሩን አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ፊቱ ላይ የተማሪ ቤት ልጅ ፊት መጣበት።

ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ተቀመጠ።

«ገብቶኛል» አለኝ። «ግን ይፈርሙ።»

ያቀረበልኝ ወረቀት ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ማናቸውንም ጽሑፍ አባዝቼ አላሰራጭም የሚል ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁሉም ነገር በልኩ ተጽፏል፤ ስሜ ብቻ ክፍት ነው። እጄ እስክሪብቶውን ይዞ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ፈራሁ፤ አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። የወጣሁበት ቤት፣ የቀረችኝ አንድ ልጄ፣ ሁሉም መጡብኝ። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥሁት።

«ልጄ» አልሁት፤ እርስዎ ማለቱን እዚያ ላይ ተውሁት። «የልጄ ልጅ ነገ ስለ ጨረቃ ብትጠይቀኝ፣ ቆይ ፈቃድ ላምጣ ልበላት? ጥፋት ካለብኝ ጥፋቴን ጻፍና በእሱ ላይ እፈርማለሁ። በዚህ ላይ አልፈርምም።»

ድምፁን አላነሣም። ካልፈረሙ ማሽኑ ይታሸጋል አለኝ፤ እርስዎ አይታሰሩም፣ ግን ማሽኑ ይታሸጋል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው የሙሉቀንን ፎቶ ኮፒ ክዳኑን ከአካሉ ጋር በወረቀት አጣብቀው ማኅተም መቱበት። ሙሉቀን እጁን አጣምሮ ሲያያቸው ቆየ። እነሱ ሲወጡ ወደ እኔ ዞረ። «እትየ፣ እርስዎ ነዎት ያልፈረሙት፤ የታሸገው ግን የኔ እንጀራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለት ልጆች አሉት፤ ሱቁ ውስጥ ሰው የሚመጣው ለዚያ ማሽን ነው። ነገ ጠዋት ሄጄ እፈርማለሁ አልሁት። ከልቤ ነበር። ሙሉቀን መደርደሪያውን ሲያስተካክል ቆየ፤ እስክሪብቶዎቹን በቀለም በቀለም ለየ። ቆይቶ፣ አሁን ከፈረሙ ሁለታችንም ከሰርን፤ የኔ ማሽን ለከንቱ ታሸገ ማለት ነው አለኝ። ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መሳቢያ አቧራ የጠገበ ካርቦን ወረቀት እሽግ አወጣ። ገዢ ካጣ ስምንት ዓመቱ ነው አለኝ። ያን ቀን ከእሱ ሱቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እስክሪብቶውን እስኪሰበር ተጭኜ፣ በአንድ ጊዜ አራት አራት እየጻፍሁ ጨረቃን እንደገና አወጣሁ። እስከዚያ ቀን ስሜን ደብቄ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወረቀቱ ግርጌ ከነአባቴ ስም ሙሉ ስሜን ጻፍሁ። የፈለገ ሰው የት እንደምገኝ ይወቅ።

ይልማ ሊወስድ አይደፍርም ብዬ ነበር። መጣና የት አለ አለኝ፤ ግማሽ ቀን ያስቆየኝን የጨረቃዋን መልስ ሳላደርስ አልቀርም ብሎ አራቱን አጥፎ በኪሱ ከተተ። በሁለተኛው ሳምንት ከጎርጎራ ሲመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ፈታሁት። የኔው ጽሑፍ ነው፤ ግን የኔ እጅ አይደለም። የኔታ ይባቤ ለተማሪዎቻቸው ሰጥተው አስገልብጠውታል፤ ጥያቄው በቀይ ቀለም፣ መልሱ በጥቁር፣ ፊደሉ እንደ ተተከለ ቀጥ ብሎ፤ ክብ ክቧ ሥዕል ሳትቀር አለች። ሃያ ሁለት ሰው ገልብጦታል፤ ወደ ቆላ ድባ የሄደ አለ፤ ወደ ጎንደር የወጣም አለ አለኝ ይልማ። ማሽን ታሸገ፤ እስኪ ይህን ማን ያሽገው? ወረቀቱን ይዤ በጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሆን ብዬ በእግሬ አለፍሁ። ማንም አላየኝም፤ እኔ ግን አልፌአለሁ። እስከ ክረምቱ መውጫ ድረስ እንደዚያ ዘለቅን፤ እኔ በካርቦን፣ እነሱ በቀለምና በብርዕ። ሙሉቀን በዚያ ሁሉ ጊዜ ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጠ ኖረ፤ ልጆቹን ከግል ትምህርት ቤት አስወጥቶ መንግሥት ትምህርት ቤት አስገባ። ይህን አንድ ጊዜም አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔ ግን አልረሳውም። መስከረም ላይ አንድ ሰው ያለ ደብዳቤ መጥቶ ማኅተሙን ገነጠለለትና ሄደ።

ዳታው የተመለሰ ዕለት ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። ተመስገን በይ፣ ሳይነኩሽ አልፏል፤ አሁን ገጹን ዝጊውና እረፊ አለችኝ። አልዘጋሁትም። ካቆምሁበት ቀጠልሁ፤ ስሜንም ከነአባቴ እላይ ላይ ጻፍሁት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በይልማ ጀልባ ተሳፍሬ ጎርጎራ ሄድሁ። የኔታ ከግራር ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠጋ ስል ነው ዓይናቸው እንደማያይ ያወቅሁት። ያቺ በጀርባ የተጻፈችው የመጀመሪያዋ ጥያቄ ራሷ በተማሪ እጅ የተጻፈች ናት። የኔንም ሁሉ ሲነበብላቸው ነው የሰሙት። እርስዎንስ ስለ ወረቀቱ መጥተው አልጠየቁዎትም ወይ አልኋቸው። መጥተው ነበር፣ አንድ ዕውር ሰው ምን ያባዛል አልኋቸውና ሄዱ ብለው በቀስታ ሳቁ። ሦስት ቀን አጠገባቸው ቆየሁ። ባሕረ ሐሳብ እንደ አባቴ ያሰላሉ፤ እኔ ያነበብሁትን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ሲገጥም ወደ ሌላው እናልፋለን።

በሦስተኛው ቀን አስናቀች የምትባል ሴት መጣች። ወደቡ ላይ ዓሣ እየፈለቀቀች፣ ጨው እየነሰነሰች የምታደርቅ ሴት ናት፤ ወረቀቶቹ ሲነበቡ ከአጥር ጥግ ቆማ ስትሰማ ኖራለች። ስልኳን አወጣች። የእኅቷ ልጅ ያንን ሲጠይቁት እንደ ሰው ጽፎ የሚመልሰውን ማሽን ጭኖላት፣ አንዳንዱ ዓሣ ለምን ጭቃ ጭቃ ይላል ብላ ጠይቃው ነበር። ስለ ውቅያኖስ ዓሣ ረጅም ነገር መለሰላት። ይህን ማሽን አማርኛ ማን አስተማረው ብላ ጠየቀችኝ። ያወቅሁትን ነገርኋት፤ ሰው የጻፈውን ሁሉ እያነበበ ነው የተማረው፤ ያልተጻፈውን አያውቅም አልኋት። አሰበችና «እንግዲያው የኛን ማን ሊጽፍለት ነው?» አለችኝ። ደብተሬን አወጣሁ። በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ዳርቻ የወጣ ቆሮሶ እንደሚሸት፣ አምባዛ ከቆሮሶ ለምን እንደሚብስ፣ ሎሚ ሲነክሩት ሽታው እንደሚቀንስ፣ እሷ ስትናገር እኔ ስጽፍ ፀሐይ ዞረች። ባሕር ዳር ተመልሼ አነበብሁ፤ ሽታውን የሚሠሩት በተኛ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነገሮች ናቸው፤ በዓሣው ስብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ይበጥሰዋል። እሷ ያለችው ሁሉ ገጠመ። የተኛ ውኃ ያለበትን ዳርቻ በስም በስም ነግራኝ ነበር። ጻፍሁትና ከላይ በእሷ ስም አወጣሁት፤ አስናቀች፣ ጎርጎራ።

ሰዓት አልሞላም፣ አንድ ሰው ከሥር ጻፈ። ማናት ይህች ሴት፣ የት ነው የተማረችው፣ ማስረጃዋ ምንድን ነው አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። መነጽሬን አደረግሁና «ጎርጎራ ወደብ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ቢላዋ በእጇ ይዛ። አንተስ የት ነው የተማርኸው?» ብዬ መለስሁለት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ያው ሰው ተመልሶ መጣና ሎሚው ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ይቆይ ብሎ ጠየቀ። ለአስናቀች ደወልሁላትና ነገርኋት። ዓሣውን ይዞ ይምጣና ላሳየው አለች። እንዳለችው ጻፍሁለት።